ፋሲካ መቼ እንደሚውል በመስከረም ይታወቃል፦ በደብረ ብርሃን የአንድ ቤተሰብ የበግ ማድለብ ሥራ

የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ በእንቁጣጣሽ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል። ካህናቱ በባሕረ ሐሳብ ቀምረው ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ይናገራሉ። ሁላችንም እንሰማለን። ብዙዎቻችን ደግሞ ጾሙ እስኪገባ ድረስ አናስታውሰውም። ይህ ጽሑፍ ያንን ቀን ሰምተው ቤታቸው እንደገቡ ወደ ኋላ መቁጠር ስለጀመሩ ባልና ሚስት ነው።

የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር፣ የባሶና ወራና ወረዳ ገጠር ከሚጀምርበት ሰፈር ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ እትዬና ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ። እትዬ ለብዙ ዓመት አረቄ አውጥተው ሸጠዋል። ጋሼ ግንበኛ ናቸው። የበጉን ሥራ በ2015 ዓ.ም. ሲጀምሩ ጎን ለጎን የምትሠራ ትንሽ ነገር አድርገው ነበር ያሰቧት። ዛሬ የቤቱ ዋና ገቢ ሆናለች። የሒሳብ ደብተራቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አሳይተውኛል። እንድጽፈው ያደረገኝም ያ ደብተር ነው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የከሳ በግ ትገዛለህ፣ ታበላለህ፣ ለበዓል ትሸጣለህ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህንን አንድ ጊዜ ያልሞከረ ቤት ማግኘት ይከብዳል። በጉም ቅርብ ነው። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስ ያለ፣ ላቱ ሰፊ፣ ጠጉሩ ሸካራ ነው። ብርድ ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ ከመጣው የአዋሲ በግ ጋር የተዳቀለው ዓይነት ቁመቱም ክብደቱም ይበልጣል። እትዬ ግን አልፈለጉትም። «መግዣውም ውድ፣ ሆዱም ሰፊ» ይላሉ። አቅማቸው የሚችለውን መረጡ።

በ2015 የጀመሩት በስምንት በግ ነው። የገዟቸው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 8። ከአምስት ወር በላይ መገቡ ማለት ነው። በጎቹ ጥር መጨረሻ ላይ ደልበው ነበር። ከዚያ በኋላ የበሉት ሁሉ ክብደት ላይ ብዙም አልታየም። የከሳ በግ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይሞላል፤ ስብ መያዝ ከጀመረ በኋላ ግን አንድ ኪሎ ለመጨመር የሚበላው መኖ እየበዛ ይሄዳል። የግብርና ባለሙያዎች ለበግ 90 ቀን ገደማ የሚመክሩትም ለዚህ ነው። እትዬ ይህንን ያወቁት ከደብተሩ ነው። የየወሩን የመኖ ወጪ ለየብቻ ጽፈው ስለነበር የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ትርፉን እንደበሉት ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። 90 ቀን ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ ጥር 27 መጣ። አሥር በግ በሰዓቱ ገዙ። በዚህ አልተሳሳቱም። ችግሩ መኖው ላይ መጣ። ፉርሽካውን በየሳምንቱ ከወፍጮ ቤት እየገዙ ነበር የሚያበሉት። መጋቢት ሲደርስ የሚያደልበውም፣ ላም ያለውም፣ ሁሉም ፉርሽካ ፈላጊ ሆነ። ሳሩ ደርቋል፣ ገለባው እያለቀ ነው። ዋጋው ወጣ። አንድ ሳምንት ጭራሽ ጠፋና በጎቹ በገለባ ብቻ ከረሙ። አልከሱም፤ አልጨመሩም። ያ ሳምንት ከ90 ቀኑ ላይ ተቀንሶ ቀረ።

እንግዲህ 2017ን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሥራው መልክ የያዘው ያን ዓመት ነውና።

መስከረም 1 ቀን የታወጀው ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። 90 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 12 ላይ ያርፋል፤ የጥምቀት ማግስት። ለገዢ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም ማለት ይቻላል። ገናና ጥምቀት ገበያውን አሙቀውት ይሰነብታሉ። ጥምቀት ሲያልፍ የከተማው ገዢ ይቀራል። ከፊቱ ነነዌ አለ፣ ከዚያ የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ይገባል። ግጦሹም መድረቅ ጀምሯል። ገበሬው ደግሞ ብር ይፈልጋል፣ በጉንም ከሳሩ ጋር አብሮ ማክሳት አይፈልግም። ስለዚህ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ያንሳል።

በግ የሚገዛበት ቀን ግን የሥራው መጀመሪያ አልነበረም። እነሱ የጀመሩት ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ ብሩ። እትዬ የሰፈር እቁብ አላቸው፤ ዕጣቸው የወጣው ለመጋቢት ነበር። ጥቅምት የደረሳትን ጎረቤታቸውን ለመኑ። ጎረቤቷ ለፋሲካ ልጅ ልትድር ስለነበር ብሩን መጋቢት ብታገኘው ነው የሚሻላት። የእቁቡ ዳኛም ፈቀዱ፤ ተለዋወጡ። ከአረቄው ያጠራቀሙት ተጨመረበት። ወለድ ሳይከፍሉ መነሻ ካፒታል አገኙ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የማደንቀው ይህንን እርምጃ ነው። ብዙ ሰው ሐሳቡም ጉልበቱም እያለው ብሩ የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ከብሩ ቀጥሎ መኖ። ስሌታቸው በደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል። አንድ በግ በቀን 300 ግራም የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የኑግ ቅሪት) ድብልቅ ይበላል። በ90 ቀን 27 ኪሎ ማለት ነው። ለ15 በግ 405 ኪሎ፣ በደፈናው አራት ኩንታል። ይህንን ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ፈላጊ ሳይበዛ ገዙት። የባቄላና የምስር ገለባ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ በቀጥታ ከአውድማ ነው ያመጡት። ገበሬው ገለባውን የሚያከማችበት ቦታ ሲጠበው ዋጋ አይከራከርም። ጋሼ በጋሪ ሦስት ቀን አመላለሱ።

ማስቀመጫው ላይም ተጨነቁ፤ ልክም ነበሩ። ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ የሻገተ ፋጉሎ ደግሞ ለከብትም ለበግም መርዝ ነው። ጋሼ በእንጨት ርብራብ ሠርተው ኩንታሎቹን ከመሬት ከፍ አደረጓቸው፤ ከግድግዳውም አራቋቸው። የበጎቹን ቤት በሰሜን በኩል ንፋስ እንዳያስገባ በጭቃ መረጉት። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊቱን በግ ሲያንቀጠቅጥ ካደረ፣ ቀን የበላው መኖ ገላውን ለማሞቅ ይውላል እንጂ ሥጋ አይሆንም።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው የገበያ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እትዬ በግ ሲገዙ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ከሩቅ ያያሉ፦ የሚያነክስ፣ አንገቱን የሚያዞር፣ ከመንጋው ተለይቶ የሚቆም አለ ወይ? አንገቱን የሚያዞረው አዙሪት ሊኖርበት ይችላል። ቀጥሎ ጥርስ። ሁለት ጥርስ ያወጣ ወንድ ነው የሚፈልጉት፤ አጥንቱ ያደገ፣ ሥጋው የቀረ። ከዚያ እጃቸውን ጀርባው ላይ ያሳርፋሉ። አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ ላይ ከቆጠረ፣ በጉ የሚሞላ ቦታ አለው ማለት ነው። በመጨረሻ የዓይኑን ቆብ ገለጥ ያደርጋሉ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ነጣ ካለ ትል ደሙን መጦታል።

አንድ ሽማግሌ የያዙት መልከ መልካም ቡናማ በግ ነበር። ዋጋውም ከሌላው ቀነስ ያለ። እትዬ ዓይኑን ገለጡና መለሱት።

«አባባ፣ ይሄ ትል አለበት መሰለኝ።»

«ልጄ፣ መድኃኒት ብትሰጪው እኮ ይድናል።»

«ይድናል አባባ። እኔ ግን ያለኝ ዘጠና ቀን ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። አልተቀየሙም። እትዬ ከሳቸው ሌላ አንድ በግ ገዙ። በሁለት ገበያ አሥራ አምስቱን ሞሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ናቸው። በጉ ገለባና ሳር የለመደ ነው። መጀመሪያ ቀን ፉርሽካና ፋጉሎ ብትደፋለት ተስገብግቦ ይበላና ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። እትዬ በ100 ግራም ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ 300 አደረሱት። እስከዚያው የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ የትል መድኃኒት ሰጣቸው፤ በተለይ ለጉበት ትል። ረግረግ መሬት በሚበዛበት በእኛ አካባቢ ይህ አይታለፍም። ክትባቱንም ያኔ ወሰዱ። አዲሶቹ ለብቻ ነው የቆዩት። ልብ በሉ፦ ከ90ው ቀን ውስጥ ወደ 14ቱ ለማላመድ ብቻ ነው የሚሄደው። ይህ ቁጥር ቆይቶ ዋጋ ይኖረዋል።

ከዚያ የዕለት ተዕለት ድካም መጣ። እትዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ። ገንዳው ይጠረጋል፣ ፍግ ይወጣል፣ ውኃ ይቀዳል። የጠዋቱ መኖ ይሰጣል፣ ማታ ደግሞ ሌላው ግማሽ። አሞሌ ጨው ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይልሱታል። ጋሼ ከግንባታ ሲመለሱ ሳይቀመጡ ገለባ ያወርዳሉ። በየ15 ቀኑ በጎቹን በጆንያ አንጠልጥለው በስፕሪንግ ሚዛን ይመዝናሉ። ልጆቹ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ሁለት በጎች ምንም አልጨመሩም ነበር። እትዬ አላመነቱም፤ ሸጧቸው። ጋሼ «ትንሽ እንታገስ» ብለው ነበር። እትዬ ግን የሚዛኑን ቁጥር አሳይተው አሳመኗቸው። የቀሩት 13 በጎች በአማካይ በቀን 70 ግራም ያህል ጨምረዋል። በ90 ቀን 6.3 ኪሎ ይሆናል። ሲገዛ 20 ኪሎ አካባቢ ለነበረ በግ ይህ ሩብ ከማለፉም በላይ ነው። ጀርባው ሞላ፣ ላቱ ሰፋ። በግ ገዢ የሚዳብሰው ደግሞ እሱኑ ነው።

ሽያጩም የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካራ ገበያ ላይ ዋጋው ከደብረ ብርሃን ይበልጣል። ሁሉም ወደዚያ ይጭናል። እትዬ አልጫኑም። የመኪናው ኪራይ፣ የደላላው፣ በመንገድ ላይ በጉ የሚቀንሰው ክብደት፣ ደግሞም የመንገዱ ነገር ያሳስባቸዋል። ከስቅለት በኋላ ገበያው እንዴት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በግ ካነሰ ጣሪያ ይነካል፤ ሁሉም ተሸክሞ ከመጣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይወድቃል። ደብረ ብርሃን ደግሞ የዱሮዋ ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ደመወዝተኛ አለ። ይህ ሰው ለፋሲካ በግ ይፈልጋል፤ ሌሊት ገበያ ወጥቶ ከደላላ ጋር መጨቃጨቅ ግን አይፈልግም።

ስለዚህ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ለሚያውቋቸው ሁሉ ወሬውን አስወሩ። ሰው ቤታቸው ይመጣል፣ በጉን ያያል፣ ይመርጣል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ ቀብድ ይከፍላል። በጉ እስከ ሆሳዕና እነሱ ጋር ይቆያል። ኒቆዲሞስ ሳምንት ላይ ዘጠኙ ቀብድ ተከፍሎባቸው ነበር። የቀሩት አራቱ በሆሳዕና ዋዜማ ሄዱ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ጋጡ ባዶ ነበር፤ እትዬም እንደ ልባቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ዋጋው ከዚያም ወጥቶ ነበር። ጎረቤቶች «ቸኮላችሁ» ብለዋቸዋል። እኔ አልቸኮሉም ባይ ነኝ። ከፍተኛውን ዋጋ ትተው የተረጋገጠውን ወሰዱ። 13 በግ ያለው ቤተሰብ አንድ መጥፎ ቅዳሜ ዓመቱን ሙሉ ሊያጎብጠው ይችላል። በደብተሩ ላይ ከወጪው ሁለት ሦስተኛው ያህል የበግ መግዣ፣ ሩቡ ያህል መኖ ነው። ቀሪው መድኃኒት፣ ጋሪ፣ ገመድና ጨው። ትርፉ ከ2016ቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በጎቹ የጨመሩት ግን ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰፈር አምስት ወጣቶች ተደራጅተው ተመሳሳይ ሥራ ጀምረው ነበር። የነሱን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። እንዲያውም ከእትዬና ከጋሼ በላይ ለፍተዋል ብል አላጋንንም። ሁለቱ ከበጎቹ ጋር ያድሩ ነበር። ብድር የጠየቁት ኅዳር ላይ ነው። ብድሩ የተለቀቀላቸው ደብረ ዘይት ሲደርስ ነው፤ የጾሙ እኩሌታ። ከዚያ ቀን እስከ ፋሲካ 28 ቀን ነው የቀረው። ለማላመድ 14 ቀን ቀንሱ። ሁለት ሳምንት ይቀራል። በሁለት ሳምንት ምን ዓይነት በግ ይደልባል? የገዙበትም ዋጋ ጥር ላይ የነበረው አልነበረም፤ ለፋሲካ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ገበያ ውስጥ ገብተዋል። ፉርሽካውም ውድ ነው። ጊዜውን ለማካካስ መኖ አበዙና አንድ በግ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ።

እነዚህን ልጆች «ጠንክራችሁ ሥሩ» ብሎ መምከር ምን ይጠቅማቸዋል? ጠንክረው ሠርተዋል። የጎደላቸው ሁለት ወር ነው፤ ሁለት ወር ደግሞ በሌሊት እንቅልፍ አይገዛም። ብድር የሚሰጡ ሰዎች ይህንን ቢያስቡበት እላለሁ። ለፋሲካ በግ የተጠየቀ ብድር የመግዣው ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢለቀቅ ለልጆቹ ዕዳ ነው የሚሆንባቸው።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ናቸው። ልጆቹ በፋሲካ ገበያ የሚሸጡትን ሊሸጡ ሲሰናዱ ጠርተው አነጋገሯቸው። «ዓረፋ መቼ ነው?» አሏቸው። ዓረፋ ያን ዓመት ግንቦት 29 ነበር የሚውለው፤ ከፋሲካ 47 ቀን በኋላ። ልጆቹ ብድሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመክፈል የሚበቃ ያህል ለፋሲካ ሸጡ፤ የቀሩትን 12 በጎች ያዙ። እስከ ዓረፋ ድረስ በጎቹ በመጨረሻ ደለቡ። የሸጧቸው ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወስድ ነጋዴ ነው። ለዓረፋ የሚገዛ ሰው ነውር የሌለበትን በግ ይመርጣል፤ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ እግሩ ይታያል። ልጆቹ በጎቻቸውን በደንብ ስለያዙ በዚህ በኩል አልተቸገሩም። ዓመቱን ያለ ኪሳራ ዘጉ። ትርፍ ግን አላገኙም።

ለእትዬና ለጋሼ ብዙ ነገር እንደተመቻቸላቸው መካድ አይገባም። ከተማ ዳር ናቸው፤ ገዢው በእግሩ ይመጣላቸዋል። የአረቄ ቁጠባ ነበራቸው። እቁብ የምትለዋወጥ ጎረቤት ነበረቻቸው። ያን ዓመት በሽታ በሰፈሩ አልገባም። መንዝ ውስጥ፣ መሃል ሜዳ ወይም ሞላሌ ያለ ሰው በጉን በርካሽ ያገኛል፤ ፉርሽካውንና ደመወዝተኛውን ገዢ ግን ደጁ አያገኝም። እዚያ ያለ ሰው እንደ እትዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀብድ መቀበል አይችልም። ቀን ቆጥሮ ከከተማ ገዢ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል።

የ2018 ስሌት ደግሞ እንደ አምናው አልገጠመላቸውም። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው የሚውለው። 90 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 4 ላይ ይወድቃል፤ በገናና በጥምቀት መካከል፣ በጉ ውድ በሚሆንበት ሳምንት። ጋሼ ከጥምቀት በኋላ እንግዛ ባይ ናቸው፤ 80 ቀን ይበቃል ይላሉ። እትዬ በነቢያት ጾም፣ ታኅሣሥ ውስጥ መግዛት ይሻላል ይላሉ፤ የከተማው ሰው ሥጋ በማይበላበት ሰሞን ዋጋው ይለዝባል፣ ግን ጥቂት ሳምንታት ተጨማሪ መኖ ይጠይቃል። ደብተሩን ዘርግተው ሁለቱንም አስልተዋል። የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ከሃያው በግ አሥሩን፣ ከሳ ከሳ ያሉትን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ይገዛሉ። ገና እስኪያልፍ ድረስ በድርቆሽና በገለባ ብቻ ያቆያሉ፤ ፉርሽካው የሚጀመርላቸው ከዚያ በኋላ ነው። የቀሩትን አሥሩን፣ ትንሽ ሥጋ የያዙትን፣ ከጥምቀት በኋላ ይገዛሉ። ፉርሽካውና ፋጉሎው ከጥቅምት ጀምሮ ርብራቡ ላይ ተደርድሯል። የዘንድሮውን እቁብ ደግሞ ገና ሲጀመር ነው የጥቅምቱን ዕጣ የለመኑት። አምስቱ ወጣቶችም የብድር ማመልከቻቸውን በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት አስገብተዋል።